ብብት ውስጥ የዋሉ እጆች

ጠመንጃ ጠጋኙ የተገደለው በገዛ ዎርክሾፑ፣ የብረት መሳያው ላይ እንዳጎነበሰ ነበር። መርማሪው ሲደርስ የመሳያው ድንጋይ ገና እየጮኸ ይሽከረከራል፤ በድንጋጤው መሀል ሞተሩን ማጥፋት ለማንም ትዝ አላለውም። መርማሪው አጠፋው። ቤቱ ጭር አለ፤ ጭርታውም ከጩኸቱ የባሰ ሆነ።

ሳሎን ውስጥ የሟች ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሰባት ዓመት ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋለች። አላለቀሰችም። ለባሏ የሚገባውን እንባ ፍርሃት ነጥቋታል። ተኩሱ እንደተሰማ የባሏ ታናሽ ወንድም ሽጉጥ ይዞ ከዎርክሾፑ ወጥቶ «ልጅቷ ናት፣ ከእጇ ነጠቅኋት» ሲል ግቢው ሁሉ ሰምቷል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። እንግዲህ ልጇ በትምህርት ቤትም፣ በሠርጓም ቀን፣ ዕድሜ ልኳን «አባቷን የገደለችው» ልትባል ነው። ከሁሉ የከፋው ግን እናቲቱ ራሷ በሆዷ ማመኗ ነበር።

መርማሪው እርምጃውም አነጋገሩም የማይቸኩል፣ ወፈር ያለ ጎልማሳ ነው፤ ባልደረቦቹ «ጋሽ ቀስ» ይሉታል። መጀመሪያ ሽጉጡን በመሀረቡ አነሳ። መሀረቡ ወዲያው ጠቆረ።

«ይሄ ሁሉ ቅባት ምንድነው?» ሲል ታናሽየውን ጠየቀው።

«ወንድሜ ጠግኖ የጨረሰውን መሣሪያ፣ ባለቤቱ እስኪወስደው እንዳይዝግ በጥቁር ቅባት ይለብጠዋል። የኔንም እጅ ይዩት፤ በሳሙና እንኳ አይለቅም።» ወደ ልብስ ሰፊዋ በሐዘኔታ አየት አደረገ። «በሁለት እጇ ጨብጣው ነው ያገኘኋት። ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት። እናቷ ስለ መሣሪያ ምንም እንዳይነገራት ከልክላ ነበር። እኔ ግን ማንንም አልወቅስም።»

አለመውቀሱ እንደ ቢላዋ ገባባት። ሐሰት አላለም። ባሏ «አለመንካትን ከአሁኑ እናስተምራት» እያለ ስንት ጊዜ ለምኗታል። እሷ ግን ልጇ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የሽጉጥ ስም በፊቷ አይነሳም ብላ ድርቅ አለች። ስሙን የሰማ ልጅ ይፈልገዋል ብላ ነበር የፈራችው። «ልጅ መሣሪያ የሚያገኘው እኛ በቀጠርነው ቀን አይደለም» ብሏት ነበር ባሏ። ይህን ክርክር የማያውቅ የቤቱ ሰው የለም።

ጋሽ ቀስ አጠገቧ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ምን አለች?»

«ትንፍሽ አላለችም። ብርድ ብርድ ይላታል መሰለኝ፣ እጇን ከብብቷ አላወጣ አለች። ሹራቧን ልቀይርላት ብል እንኳ እምቢ። ዳቦም የማጎርሳት እኔ ነኝ።»

መርማሪው ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። ልጅቷ ነጭ ሹራብ ለብሳ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ወትፋለች። ጎንበስ ብሎ ከግራም ከቀኝም አያት። እናቲቱ ፊቱን ፊቱን አየችው። እሱ ግን መልሶ ሸፈናት።

ስለ ወንድማማቾቹ ሲጠይቃት እየፈራች ነገረችው። ታናሽየው የደንበኛ ጠመንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው አውሶ ተደርሶበታል። ታላቁም ትናንት፣ እስከ ዛሬ ቀትር ራስህ ለፖሊስ ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ ብሎት ነበር። ታናሽየው ይህን ሲጠየቅ ፈገግ አለ፤ የወንድማማች ጠብ አድሮ ይረሳል ሲል መለሰ።

ከዚያ መርማሪው ግቢው ማዶ ወደሚከራዩት ጡረተኛ ነርስ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየቻቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቆይተው እጃቸውን እንደ ልጅቷ አጣምረው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ማልቀስ ጀመሩ። አለቀ፣ አለች በሆዷ። በልጄ ላይ መሰከሩባት።

ሲመሻሽ ጋሽ ቀስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«ከቅባቱ እንጀምር» አለ። «እኔ በመሀረብ ይዤው እንኳ ጣቴ ጠቁሯል። ልጅቷ በሁለት እጇ ጨብጣው ከነበረ፣ ያንን እጅ ነጭ ሹራብ ውስጥ ወትፋ ስትውል ብብቷ ምን ይመስል ነበር? አይቻለሁ። አንዲት ነጥብ የለበትም። አልታጠበችም፣ ልብስም አልቀየረችም። ታዲያ ከማን እጅ ነው የነጠቅኸው?»

ታናሽየው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ልብ አለ። «ጠርጋው ይሆናል» አለ።

«እጇን ሳታወጣ? እሺ፣ ለምን አታወጣውም? እማማ፣ ይንገሯቸው።»

አሮጊቷ ለልብስ ሰፊዋ ተናገሩ። «ደብቆሽ ያስተምራት ነበር፣ ልጄ። አንቺ ገበያ ስትሄጂ፣ ግቢው ውስጥ፣ በእንጨት ቁራጭ። ‹መሣሪያ ካየሽ እጅሽ ብብት፣ እግርሽ ውጭ፣ ከዚያ ላገኘሽው ትልቅ ሰው ንገሪ። ትልቁ ሰው አየሁት እስኪልሽ እጅሽ አይወጣም› ይላታል። ወደ ሽጉጡ የመራት ያ ጨዋታ መስሎኝ፣ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ልጅቷ ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም» አለ መርማሪው። «ሽጉጥ አየች፣ ወጣች፣ ነገረች። የሰማት ሰው ግን ‹አየሁት› አላላትም። እናቷ ስፌት ላይ ነበሩ፣ እማማም ክፍላቸው። ዎርክሾፑ በር ላይ የነበርከው አንተ ነህ። ያልተማረች ልጅ አንስታ መተኮሷ አይቀርም ብለህ ሽጉጡን ከነጥይቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክላት። ወንድምህ በመሳያው ጩኸት የሚሰማው የለም። እሷ ሳትነካው ተመለሰች። ቀትር እየደረሰብህ ነበርና ራስህ ገብተህ ተኮስክ። የእናቷን ክልከላ ተማምነህ ነበር፤ አባትየው ደብቆ ማስተማሩን አታውቅም።»

«ይሄን ማን መሰከረ?» አለ ታናሽየው።

ጋሽ ቀስ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «እህቴ፣ ቃሉን እርስዎ ይበሉላት።»

ልጇ ፊት ተንበረከከች። የተባለው ሁሉ ስህተት ሆኖ፣ እጆቹ ጠቁረው ቢወጡስ?

«አየሁት፣ ልጄ» አለች።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። በላብ ረጥበው ተጨማደዋል፤ ግን ንጹሕ ነበሩ።

«ለአጎቴ ነግሬው ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አባትሽ ይጠራሻል ያለኝም እሱ ነው። ከተናገርሽ አንቺ ነሽ የገደልሽው ይሉሻል አለኝ።»

ታናሽየው ከወንበሩ ተነሳ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው።

ልጅቷ ግን የምታየው እናቷን ብቻ ነበር። «እማዬ፣ ስለተማርኩ ትቆጪኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ ከሳህኑ ላይ ዳቦውን ራሷ አነሳች።