ታንከሩ ውስጥ ማግኔት አልነበረም

ይህ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። እዚሁ አፌ ውስጥ የገባ ነገር ነው...

የማያምነኝ ይሳቅ። በአፌ ትቼ በጽሑፍ የምነግራችሁም በምክንያት ነው።

እሁድ፣ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር፣ እህቴ ቤት ነበርኩ።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ግን እኔ ያልጠገንኩት የውሃ ታንከር ካለ፣ ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ነው።

"ጋሼ፣ ውሃው ይሸታል" አለችኝ እህቴ። "ሚጣ ከጠጣችው ወዲህ ያስመልሳታል። ሆዴ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ ትለኛለች..."

"ልጅሽ ደግሞ ምን የማትለው አለ!"

"የውሃ ልኩ ማሳያም አብዷል። ፓምፑ ሳይሠራ ሞላ ይላል።"

ደረቴን ነፋሁ። "ስሚ። ታንከሩ ውስጥ ዘንግ ቆሟል። ዘንጉ ላይ ተንሳፋፊ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ውስጥ ማግኔት። ውሃው ሲጨምር ማግኔቱ ይወጣል፣ ዘንጉ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ያውቁታል፣ የማሳያው መብራቶችም ከታች ወደ ላይ ይበራሉ። ሴንሰሩ ውሃ አያይም። ማግኔት ብቻ ነው የሚያየው! የላፕቶፕ ክዳን መዘጋቱ፣ የመኪና ጎማ መሽከርከሩ፣ ሌባ በር መክፈቱ... ሁሉም በዚሁ ነው የሚታወቀው።"

"እሺ ፕሮፌሰር፣ ውሃውስ?"

"ውሃው ምንም አልሆነም!" አልኩና ከቧንቧው ብርጭቆ ሞልቼ ግጥም አደረግኩት።

ለብ ያለ ነበር። ወፈር ያለ...

እንደ ንፍጥ ጉሮሮዬ ላይ ተንጠለጠለ። ከኋላው አንድ ነገር ተከትሎት ወረደ።

ፊቴን አላኮማተርኩም። እኔ ሰው ፊት አላስመልስም።

ታንከሩ ያለበት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ፓምፑን አጠፋሁ፣ ቧንቧውን ሁሉ ዘጋሁ። ውሃ አይገባም፣ አይወጣም።

ታንከሩ ጎን ላይ ያሉት የማሳያው መብራቶች ግን... ወደ ላይ ወጡ።

ወረዱ።

ደግሞ ወጡ። ቀስ ብለው... ሰው እንደሚተነፍስ።

"ኢንጂነር..." አለ የግቢው ዘበኛ ከመሰላሉ ሥር በሹክሹክታ። "ድመት ገብታ ይሆን?"

"ድመት ማግኔት ትውጣለች እንዴ? ዝም በል!"

ክዳኑን ከፈትኩት።

ሽታው! ስኳር የተለወሰበት ትውከት ነበር የሚመስለው። ውሃው ላይ ቢጫ ቅባት ተንጣሏል። ዘንጉን ስስበው ዝልግልጉ ክርኔ ድረስ ተዝረበረበ። ዙሪያውን ፀጉር ተጠምጥሞበታል... ረጅም፣ እርጥብ፣ ሥሩ ላይ የራስ ቆዳ እንደያዘ።

ተንሳፋፊው ቦታው ላይ የለም።

ታንከሩን አፍስሰን ስናበቃ ፕላስቲኩን ወለሉ ላይ አገኘነው። ታኝኳል። የጥርሱ ምልክት የሰው ያህላል።

ማግኔቱ ግን የለም።

"ታዲያ መብራቱን ምን ነበር የሚያበራው?" አለ ዘበኛው።

"አንተ ዘበኛ ነህ፣ በርህን ጠብቅ!" አልኩት።

ዘንጉንና በባትሪ የሚሠራውን ማሳያ ይዤ ወደ እህቴ ቤት ወረድኩ። ዘንጉን በሳሙና አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ እጄም ዘንጉም ያው ይሸታሉ።

ሚጣ ከአልጋዋ ተነስታ መጣች። ፊቷ በርቷል።

"አጎቴ፣ ሆዴ ውስጥ መሄዱን ተወ!"

"ጎሽ የኔ ልጅ! ማን ጠግኖት!" አልኳት። እህቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

ሚጣ ዘንጉን እንደ መጫወቻ አነሳችው። ቁመቴን የምትለካ ይመስል አቅፋ ሆዴ ላይ አቆመችው።

ማሳያው ላይ የታችኛው መብራት በራ።



ቀጥሎ ያለው በራ። ከእሱ በላይ ያለው በራ። ደረቴ ውስጥ ለብ ያለ ነገር ቀስ ብሎ ይሳባል።

ከዚያ የላይኛው... ጉሮሮዬ ጋ።

እህቴ ልጇን ጎትታ ከኋላዋ ደበቀቻት። ዓይኗን ከከንፈሬ ሳትነቅል ሹክ አለችኝ።

"ጋሼ... አፍህን እንዳትከፍት።"

አልከፈትኩም።

አንድ ነገር ግን ጥርሶቼን ከውስጥ በኩል፣ አንድ በአንድ፣ እየነካ መቁጠር ጀምሮ ነበር...