ውሻ ያዙልኝ

አንጓች ማንኛውንም ነገር ስታይ ከግራ ጥግ ትጀምራለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ስታነብ ኖራለች፤ በመነጽሩ የሚታየውን መስክ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንድ ዝቅ ብላ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ አራሽ እየተመላለሰች ትጨርሰዋለች እንጂ ዓይኗን ዝም ብላ ወደ መሀል አትወረውርም። በእድገት ወደ ድሬዳዋ መዛወሯን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርሳት፣ ረግጣው በማታውቀው ከተማ ቤት መፈለጉንም የጀመረችው በዚሁ አኳኋን ነበር። ደብተር ገዝታ አምስት ጥያቄ ጻፈች፤ የደላሎችን ስልክ እያፈላለገች በየተራ ደወለች። ውሃ፣ መብራት፣ ከሥራ ቦታዋ ያለው ርቀት፣ ኪራይ። አራቱን ያለፈ ቤት ሁሉ አምስተኛው ላይ ይወድቃል።

"ውሻ?" ይሏታል። "ውሻ ያልሽው፣ የሚጮኸውን ውሻ?"

አንዱ "እህቴ፣ እኒህ አከራይ ልጅ ያለውን ሰው እንኳ አያስገቡም" አላት። ሌላው ሳቀባት፤ "እዚያው ሽጠሽው ነይ፤ እዚህ በነፃ የሚከተል ሞልቶልሻል።"

ጠርጥር የሚሸጥ ውሻ አልነበረም። ስሙን ያወጡለት አባቷ ናቸው፤ ቡችላ ሳለ የጣሉለትን አጥንት ሦስት ጊዜ ዞሮ ሳያሸት ስለማይነካ። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንገቱ ላይ አባቷ ያሰሩለት የቆዳ ማሰሪያ አለ። የግራ ጆሮውን ጅብ ከነሥሩ ወስዶበታል፤ በቦታው የቀረው እንደ ደረቀ ኮክ የተጨማደደ ጠባሳ ነው። አባቷ ባለፈው ክረምት ሲያርፉ፣ አልጋቸው ሥር የተኛውን ውሻ በአገጫቸው እያመለከቱ "እሱን ለማንም እንዳትሰጪ" ብለዋታል። እሷም እሺ ብላለች።

ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በአባቷ ግቢ ውሻ መያዝ የእሷ ሥራ ነበር። እንግዳ ከደጅ ቆሞ "ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!" ሲል፣ ሮጣ የውሻውን አንገት ታቅፍና "ተይዟል፣ ግቡ!" ትላለች። ውሾች ተለዋውጠዋል፤ ቃሉ ግን ያው ነበር። በእነሱ ቤት እንግዳን ደጅ አቁሞ መልስ መንፈግ ከስድብ ይቆጠራል።

ሥራ ለመጀመር አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ሙክታር የሚባል ደላላ ደወለ።

"አንቺ ባለ ውሻዋ! አገኘሁልሽ አቦ!"

"ውሻ ይፈቅዳሉ?"

"መፍቀድ? ውሻ ለሌለው አያከራዩም እኮ ነው የምልሽ! ኪራዩ ደግሞ የሰፈሩ ግማሽ። ለዚህ ውሻ ሥጋ ግዢለት፣ ውለታ አለብሽ።"

የላከላት ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ የቆመ፣ ግንቡ የወፈረ አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ አንድ የኒም ዛፍ ያለባት ጠባብ ግቢ፣ የብረት የግቢ በር፣ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች፣ ሁለት ክፍል። አንጓች እንደ ስላይድ ከግራ ጥግ ጀምራ አየችው። ሁለተኛ ስታየው፣ ከሳሎኑ በር ጀርባ ምስማር ላይ የተንጠለጠሉ አራት የውሻ አንገት ማሰሪያዎች አገኘች። ሦስተኛ ስታየው፣ ሙክታር ገና ወደ ግቢው ሳይገባ ካሜራው ለቅጽበት በነካው የመንገዱ ማዶ፣ ጥላ ሥር የተኙ አራት ውሾች ቆጠረች፤ አንገታቸው ባዶ ነው፣ አራቱም ፊታቸውን ወደዚሁ በር መልሰዋል። አራተኛውን ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ፣ ከሙክታር ወሬ በስተጀርባ፣ የተማረረም የቸኮለም የማይመስል ጨዋ የሽማግሌ ድምፅ ከደጅ ተጣራ፤ "ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!"

ሙክታር ወሬውን አቋረጠ። ካሜራው ወደ ወለሉ ወርዶ አሥር ሰከንድ ያህል አንዲት ንጣፍ ላይ ቀረ፤ የሚሰማው የሙክታር ትንፋሽ ብቻ ነበር። መልስ አልሰጠም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ውሃው ማውራት ቀጠለ።

አንጓች ደብተሯን ገልጣ "በግቢው ውስጥ ውሻ የለም። ታዲያ የምን ውሻ ነው የሚያዘው?" ብላ ጻፈች። ደወለችለት።

"ጎረቤት ነው አቦ" አላት።

"ደጅ የተኙት ውሾችስ?"

"የበፊት ተከራዮች ውሾች ናቸው።"

"ተከራዮቹስ?"

"ሄዱ።"

"ውሾቻቸውን ጥለው?"

"እህቴ፣ ቤቱን ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም?"

ትፈልገዋለች። በማግስቱ አከራይዋ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ራሳቸው ከአዲስ አበባ ደወሉላት። ስለ ሥራዋም ስለ ባህሪዋም አልጠየቁም።

"ልጄ፣ ውሻሽ በቀትር ይጮኻል?"

"ሰው ሲመጣ ይጮኻል፣ እማማ።"

"እሰይ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ፤ ለማንም እንዳትይዢው።"

"እንግዳ ሲመጣብኝስ?"

"የዛሬ ዘመን እንግዳ ስልክ ይደውላል" አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ "አይጣራም።"

አንጓች ይህንንም ጻፈች። ሌላ የምትደውልለት ደላላ አልቀራትም ነበር።

ጠርጥርን አውቶቡስ ስለማይጭነው፣ ዕቃዋን በያዘው አይሱዙ ላይ አብራው ተሳፍራ ሁለት ቀን ተጉዛ ደረሰች። ድሬዳዋ ጠዋት ይሠራል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ያስገባዋል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ከጥላ ይቆማል፣ መንገዱ እንደ ሌሊት ጭር ይላል። ላቦራቶሪውም ሠራተኞቹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለቃቸዋል። የመጀመሪያው ቀን አንጓች ወደ ቤት ሳትመለስ እዚያው ዋለች። ማታ ስትገባ ጠርጥርን የግቢው በር ሥር ተዘርግቶ አገኘችው፤ ድምፁ ተዘግቷል፣ ብረቱን ሲቧጭር ከመዋሉ የተነሳ የእግሩ ጥፍሮች ደምተዋል። ከዚያ ወዲያ በቀትር ለብቻው ልትተወው አልቻለችም።

ሁለተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ። መስኮቶቹን ዘግታ፣ በቀን የመጣውን ጨለማ በሚሰነጥቁ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች መሀል ተቀምጣ ሳለ፣ ጠርጥር ከሳሎኑ ደፍ ተወርውሮ ወጣ። ጩኸቱ ድመት ወይም መንገደኛ ሲያይ የሚያሰማው አልነበረም፤ ጅቡ ጆሮውን ከወሰደበት ሌሊት ወዲህ ሰምታው የማታውቀው ነበር። ጩኸቱ ፋታ ባገኘበት ቦታ ያ ድምፅ ገባ።

"ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!"

አንጓች ወደ ግቢው ወጥታ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ከብረቱ በር ሥር ባለው የአንድ ስንዝር ክፍተት አጮለቀች። የሚያቃጥል አቧራ አየች። ከማዶ አራቱን ውሾች አየች፤ ቆመዋል፣ አይጮኹም፣ በሩን ያያሉ። ድምፁ ከራሷ በላይ፣ ሰው ቆሞ ከሚናገርበት ከፍታ ላይ ይመጣል። በክፍተቱ ግን እግርም የእግር ጥላም አልነበረም። ከሥሩ የሚገባው ነፋስ፣ ወር ሙሉ ዝናብ ባልጣለበት ከተማ፣ ጎርፍ ሲወርድ የሚሸተውን የጭቃ ሽታ ይዞ ነበር።

በደብተሯ ሰዓቱን ትመዘግብ ጀመር። ስድስት ከሃያ። ስድስት ከሃያ ሁለት። ስድስት ከአሥራ ዘጠኝ። ድምፁ አይቆጣም፣ በሩን አያንኳኳም። ጥቂት ደቂቃ እየጠበቀ ያችኑ ሦስት ቃል፣ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው፣ በትሕትና ይደግማል። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ይተዋል። ሰባተኛው ቀን ላይ ጠርጥር መብላት አቆመ። አሥረኛው ቀን ላይ ጩኸቱ ወደ ሳል ተለወጠ።

ወደ ሙክታር ደወለች። "ሌላ ቤት ፈልግልኝ።"

"ከውሻው ጋር?" አለ። ቀልድ አልነበረበትም። "የለም፣ እህቴ። ወላሂ የለም።"

"ያለ ውሻውስ?" ብላ ጠየቀች፤ ግን ጠርጥር ከደፉ ላይ ሆኖ እያያት ነበርና መልሱን ሳትሰማ ዘጋችው።

ወደ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ደወለች፤ የነገረቻቸውን ሁሉ አዳመጡ።

"የውሻሽ ድምፅ እየሄደ ነው አልሽኝ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ሌላ ውሻ ጨምሪ፣ ልጄ" አሉና ስልኩ ተዘጋ።

አሥራ አራተኛው ቀን ከሁሉም የከፋ ሙቀት ነበረው። አንጓች ሌሊቱን አልተኛችም፤ ጠዋት መቶ ያህል ስላይድ አንብባ ዓይኗ ደም መስሏል። ቤት ገብታ መስኮቶቹን ዘጋች፣ የሳሎኑን በር ለጠርጥር ገርበብ አድርጋ ተወችለት፣ የሚቀዘቅዘው ወለል ላይ ሰሌን አንጥፋ ተጋደመች። ለአፍታ ብቻ ዓይኔን ላሳርፍ አለች። ሳሉ፣ የተሰበረው ጩኸት፣ የኒሙ ቅጠል ኮሽታ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ባለው ስፍራ አንድ ሽማግሌ ከደጅ ቆሞ ተጣራ። ድካም ነበረበት። ብዙ መንገድ መጥቶ፣ ብዙ ቀን ደጅ ቆሞ፣ ማንም ያልመለሰለት ሰው ድምፅ ነበር።

"ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!"

"ተይዟል፣ ግቡ!" አለች አንጓች።

የቀሰቀሳት የገዛ ድምፅዋ ነው። ቃሉ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከሚኖርበት ቦታ፣ ሳትጠራው፣ ራሱ ወጥቶ አልቋል። ተነስታ ተቀመጠች። የጠርጥር ጩኸት እንደ ተቆረጠ ክር መሀል ላይ ቆሟል። የግቢው በር ሲከፈት አልሰማችም። ኮቴ አልሰማችም። ገርበብ ያደረገችው የሳሎን በር ግን ተዘግቷል፤ የመስኮቶቹም የብርሃን መስመሮች የሉም። ቤቱን የሞላው የጭቃው ሽታ ብቻ ነበር።

"ጠርጥር" አለች በሹክሹክታ።

ከግራው ጥግ ማለክለክ ሰማች።

ግድግዳውን እየዳበሰች ወደዚያ ሄደች። የበሩን ጀርባ ስታልፍ ጣቶቿ ምስማሩን ነኩ፤ እንደ ልማዷ ከግራ ጀምረው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ደረቅና አቧራ የጠገበ ቆዳ። አምስተኛው ገና ሙቀት ነበረበት።

ጥጉ ላይ ተንበረከከች። ጠጉር አገኘች፤ ትኩስ፣ እርጥብ፣ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል። ወንዝ ገብቶ እንደወጣ ረጥቧል። በሁለት እጇ አንገቱን አቀፈችው፣ ፊቷን ጠጉሩ ውስጥ ቀበረች፣ "አይዞህ፣ የኔ ጌታ፣ ይዤሃለሁ" አለችው። እሱም አልተንቀሳቀሰም። ማለክለኩ እንኳ ቆመ፤ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። ግራ እጇ ሳታዝዘው ወደ ላይ ወጣ፤ ጠባሳውን ፈለገ። ያገኘው ጆሮ ነበር። ሙሉ፣ ለስላሳ፣ እስከ ጫፉ ድረስ የቆመ ጆሮ።

በዚያው ቅጽበት ከግቢው በር ውጭ፣ ከመንገዱ በኩል፣ በሳል የተሰበረ አንድ የምታውቀው ጩኸት ተሰማ፤ ጥፍር ብረቱን ከውጭ ወደ ውስጥ ይቧጭር ጀመር።

እጇን ልትሰበስብ ሞከረች። አልተሰበሰበላትም። ደግማ ሞከረች፤ አንገቱን አቅፋ የያዘችው እሷ እንዳልሆነች ገባት።

ያ ጨዋ የሽማግሌ ድምፅ፣ አሁን ከጆሮዋ አጠገብ ሆኖ፣ ወደ ደጅ ተጣራ፤ "ተይዛለች፣ ግቡ!"