ቀይ ከሐመርታ በጠፋ ጊዜ

በሐመርታ መንግሥት፣ ንግሥት ዓፀደ በነገሠች በዘጠነኛው ዓመት፣ ቀይ ቀለም ከምድር ጠፋ። ማለዳ የተነሡ ሰዎች ያሰጡት በርበሬ አመድ መስሎ አገኙት። ሮማን ሲሰነጠቅ ውስጡ ጭቃ ይመስል ነበር፤ የሕፃናት ጉንጭ እንደ ኖራ ነጣ። ይህ ብቻ ቢሆን ሕዝቡ ተገርሞ ባለፈው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን እሳት ራሱ ግራጫ ሆነና ሙቀቱ ከዳው። ማሰሮ አልፈላ አለ፤ አራስ ቤቶች ቀዘቀዙ።

የሰሜን በር ጠባቂዎች ፈረስ ጋልበው መጡና ያዩትን ተናገሩ። በጎዝራ ተራራ ዋሻ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው ዛርጉም፣ ቤት የሚያህል ፍጡር፣ አንገቱን አውጥቶ ቀዩን ከአድማስ ላይ በምላሱ ልሶታል። ሦስት የጦር አለቆች ሊወጉት ሄዱ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም።

በዚህ ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ የሥዕል ትምህርት ቤት አዜባ የምትባል ተማሪ ዙፋኑ ፊት ቀረበች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር።

«ግርማዊት ሆይ፣ የተሰረቀው ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ የሠዓሊ ነው» አለች። «የሐመርታን ሰማይና ምድር ምስክር አድርጌ እምላለሁ! ቀይን ሳልይዝ ወደዚህ አዳራሽ አልመለስም።»

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ተነሣች። «መሐላሽን ተቀብያለሁ። ብቻሽን ግን አትሄጂም። ክራር ደርዳሪዋ መረዋና ሸማኔው ዘርፉ አብረውሽ ይሄዳሉ።»

አዜባ ቅር አላት። ክራር ለግብዣ፣ ሸማ ለገላ፣ ሥዕል ግን ለዘለዓለም ነው ብላ የምታምን ልጅ ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ከፊት ከፊት እየሄደች አንድ ቃል አላናገረቻቸውም።

በሁለተኛው ቀን ከአንድ ገደል አፋፍ ደረሱ፤ ድልድዩ ፈርሷል። ዘርፉ ተቀመጠና የለበሰውን ጋቢ መተርተር ጀመረ።

«ጋሽ ዘርፉ! ይህን የመሰለ ጋቢ እንዴት ይተረተራል?» አለች አዜባ ሳታስበው።

«የሠራሁት እኔ አይደለሁ ልጄ? የት ጀምሬ የት እንደጨረስኩ አውቃለሁ» አላት እየሳቀ። ፈትሉን ደራርቦ ገመድ አደረገው። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ የቀረውን ጥለት ገለበጠችው። በጀርባው በኩል ክሮቹ እየተሻገሩ፣ እየተቋጠሩ፣ ፊት ለፊት የማይታይ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ሥዕል ጀርባ ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ገመዱን ከማዶ ጉቶ ላይ አሸምቅቀው በእሱ ከተሻገሩ በኋላ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ስትጠይቀው ዋለች፤ ድሩ ስንት ነው፣ ማጉ ለምን ይቀጥናል፣ ስሕተት ሲገኝ እስከየት ይፈታል?

በአራተኛው ቀን የሰልካዎች ሸለቆ ገጠማቸው። ሰልካ ክንፉ እንደ ባልጩት የሚቆርጥ ወፍ ነው፤ ድምፅ በሰማበት ይወርዳል። መረዋ የክራሩን ክሮች በጨርቅ ጠቀለለችና ከፊት ሆና መራቻቸው፤ እግሯ ጠጠር ላይ ሲያርፍ እንኳ አይሰማም። መሐል ላይ ዘርፉ አሳለው። ወፉ እንደ ተወርዋሪ ጦር ወርዶ ትከሻውን ሰነጠቀው፤ የፈሰሰው ደም ግራጫ ነበር። ሴቶቹ የዘርፉን አፍ በእጃቸው ይዘው እየጎተቱ አወጡት።

ቁስሉን ሲያስሩ አዜባ ጠየቀች። «እትዬ መረዋ፣ ዝም ማለት እንዲህ የት ተማርሽ?»

«ከክራሩ። በዜማ መሐል እጄን የማነሣባቸው ቦታዎች አሉ። ሰሚው ትንፋሹን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።»

አዜባ የራሷን ብራናዎች አሰበች። ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ትታ አታውቅም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ዋሻው ገቡ። ዛርጉም በሆዱ ተኝቶ ነበር፤ ቆዳው አመድ፣ መዳፉ የበሬ ቆዳ ያህል ሰፊ። በጉሮሮው ውስጥ አንድ ፍም ደማቅ ቀይ ሆኖ ይበራል። ፊቱ ላይ ግን ዓይን አልነበረም።

«ሌቦች ናችሁ ወይስ ወጊዎች?» አለ፤ ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ።

«ሠዓሊ ነኝ። ቀይን ለምን ወሰድህ? ዓይን የለህም!»

«ስለሌለኝ ነዋ!» አለ ዛርጉም። «ሺህ ዓመት ሰዎች ስለ ቀይ ሲዘፍኑ ሰማሁ። ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ይኸው ዋጥሁት፤ ዛሬም አላወቅሁትም። አሳዪኝና እመልሳለሁ። ካቃተሽ አጥንታችሁ እዚህ ይቀራል።»

«እንደ ደም ነው» አለች አዜባ።

«ደም ቀምሻለሁ። ጨው ነው።»

መረዋ የጦርነት ዜማ ደረደረች። «ጩኸት» አለ። ዘርፉ ጥለቱን መዳፉ ላይ አኖረለት። «ጨርቅ» አለና መዳፉን በላያቸው አነሣ።

አዜባ ዓይኗን ጨፈነች። ቀይ ለእሷ ራሷ ምን ነበር? ብቻውን ምንም አልነበረም። በሰፊ አረንጓዴ ማሳ መሐል አንዲት አበባ ስትታይ፣ ያኔ ነው ቀይ የሚጣራው።

«ጋሽ ዘርፉ፣ ድር ዘርጋልኝ፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ብዙ። አንድ ወፍራም ክር ብብትህ ውስጥ አሙቅና መሐል አግባው። እትዬ መረዋ፣ በቀስታ፣ በክራርሽ ወፍራም ክር ብቻ። ከዚያ እጅሽን አንሺ። ቀጭኑን መቼ እንደምትመቺው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላውቅም።»

የዛርጉምን ጣት ይዛ በድሩ ላይ ቀስ አድርጋ ነዳችው። ቀዝቃዛ ክር፣ ቀዝቃዛ ክር፤ ክራሩም ዝቅ ብሎ ያጉረመርማል። ክራሩ ዝም አለ። ጣቱ ቆመ፤ ፍጡሩ ትንፋሹን ያዘ። ጣቱ ሙቁን ክር በነካበት ቅጽበት መረዋ የክራሩን ቀጭን ክር አንድ ጊዜ መታችው።

ዛርጉም ዘለለ። «ጠራኝ!» አለ። «ከሁሉም መሐል ጠራኝ!»

«ቀይ እሱ ነው» አለች አዜባ።

ፍጡሩ ሙቁን ክር ደጋግሞ ዳሰሰው። በመጨረሻ ድምፁ ለሰለሰ። «አሁን ሳላየው መኖር አልችልም። ቀይን የምታዪበትን ዓይንሽን ስጪኝ። ሌላውን ሁሉ ታያለሽ፤ እሱን ግን ዳግመኛ አታዪም። ያኔ ፍሙን ለሕዝብሽ እተፋለሁ።»

«አይሆንም!» አለች መረዋ። «የእኔን ውሰድ!» አለ ዘርፉ።

አዜባ በፍሙ ብርሃን የሁለቱን ፊት አየች፤ የዘርፉን ቀይ ዓይን፣ የመረዋን የከንፈር ዳር። እስኪበቃት ድረስ አየቻቸው። ከዚያ «ውሰድ» አለች።

ወደ ሐመርታ ሲመለሱ በየመንደሩ ጢስ ይነሣ ነበር፤ አራሶች እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ለአዜባ ነበልባሉ ግራጫ ነበር፤ ሙቀቱ ግን እጇን አገኛት። ንግሥት ዓፀደ በታላቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ታሪኩን እንድትሥል አዘዘች። መምህሯ አለቀሱ፤ ቀይን የማታይ ሠዓሊ ምን ትሠራለች? እሷ ግን ሁለቱን አስጠራች።

ቀዩን ዘርፉ በጠበጠ፤ ክር ሲነክር የኖረ ሰው ነውና። መረዋ ከአዳራሹ ማዶ ቆማ ተመለከተች። አዜባ ለእሷ ከጭቃ የማይለየውን ቀለም በብሩሿ አንሥታ፣ አንድ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ አኖረች።

«እዚህ ምን ይሰማሻል እትዬ?»

«ገና ነው ልጄ። ትንሽ ወደ ግራ።»

«አሁንስ?»

«አሁን በቃ» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

አዜባ አንድም ጠብታ ሳትጨምር ብሩሿን አስቀመጠች።