ሴቭ ያልተደረገ ድምፅ

«የልጅዎን ነገር ቆይተን እናወራለን። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ እዚህ ቤት መብራት ያጠፋው ማን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ በእጇ የያዘችውን ሜትር ጠቀለለች፤ መልሳ ፈታችው። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቷ ጡረተኛው መምህር ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር፣ ጭንቅላታቸው ከኋላ ተመትቶ ከተገኙ ገና አንድ ሌሊት ማለፉ ነው። አብራቸው የምትሠራው አንድያ ልጇ እጅጌዋ በደም ተነክሮ ስለተገኘ ጣቢያ አድራለች። ይቺ ሴትዮ ደግሞ ትናንትም መብራት፣ ዛሬም መብራት!

«እኔ ምን አውቃለሁ? መብራት እንደሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«መንገዱ ሁሉ መብራት ነበረው እኮ። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ማሽኑ ለደቂቃ አልቆመም። የጠፋው እርስዎና መምህሩ ቤት ብቻ ነው። አንድ ቆጣሪ ነው የምትጋሩት።»

«እንግዲያው ቆጣሪውን ጠይቂዋ!» ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ደነገጠች። «ይቅር በይኝ... ይቅር ይበሉኝ። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።»

መርማሪዋ አልተቆጣችም። አጠር ያለች፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። የመምህሩ ክፍል ስለታሸገ ሰዎቹን የምትጠይቀው እዚሁ ልብስ መስፊያ ክፍል ውስጥ፣ ባልተጠለፉ ቀሚሶች መካከል ተቀምጣ ነው። ልብስ ሰፊዋም ከገዛ ቤቷ ውጪ አልተባለችም፤ ስፌት እየያዘች፣ ስፌት እየሳተች ሁሉንም ትሰማለች።

መጀመሪያ የገባው የመምህሩ የእህት ልጅ ነው። መንገድ ዳር ኮምፒውተር ይጠግናል። ልጅቷን ከሬሳው አጠገብ ያገኛትም እሱ ነበር።

«አጎትህ ሥራቸው ምን ነበር? ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር አድርገህ ንገረኝ።»

«ስፒከር በገዛ እጃቸው መሥራት ለሚወዱ ሰዎች የአምፕሊፋየር ቦርድ ያዘጋጃል። ቦርዷ መዳፍ ብታክል ነው። ከኮምፒውተር ጋር ትያያዝና ቤዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ምን ያህል ይውጣ፣ ቀጭኑ ድምፅ የት ይቆረጥ የሚል ቅንብር ይላክላታል። ከዚያ በኋላ ተራ ሳጥን ላይ ቢገጥሟትም ታዘፍናለች።»

«ኮምፒውተሩ የመዘገበውን አይቻለሁ። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ አዲስ ቅንብር ተልኳል። ዘጠኝ ከአራት ላይ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ በድንገት ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስነሳውም። የተላከው ቅንብር ግን ቦርዷ ላይ የለም። ለምን?»

«ሴቭ አልተደረገማ! የተላከላትን ለጊዜው ብቻ ነው የምትይዘው። መብራት ከተቋረጠባት ትረሳውና ወደ ድሮው ቅንብር ትመለሳለች። አጎቴ ደግሞ በሞከረበት ቀን ሴቭ አያደርግም። ‹የደከመ ጆሮ ዳኛ አይሆንም› ይላል። አሳድሮ፣ ጠዋት እንደገና ልኮ ሰምቶ፣ ከወደደው ብቻ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሳያገባ የቀረው ለምን ይመስልዎታል?»

«የትናንቱን ቅንብር ማን ሠራው?»

ወጣቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሰረቅ አድርጎ አየ። «እ... ልጃቸው ናት። ጠዋት ‹ጨርሻለሁ፣ ሴቭ ያድርጉልኝ› ስትል እምቢ አላት። ‹አያምኑኝም!› ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። በኋላ ወደ ፖስታ ቤት ስትወጣ ‹ሂጂ፣ ብቻዬን እሰማዋለሁ› አላት።»

የልብስ ሰፊዋ መርፌ ጣቷን ወጋት። ምን አለ ያንን ባይናገር! እግዜር ያሳይህ፣ የሰው ልጅ ገመድ ላይ ቆማ አንተ ታወዛውዛለህ?

ቀጥሎ የገባው አናጺው ነው። የስፒከሮቹን ሳጥን ለአሥራ ሁለት ዓመት የሠራው እሱ ነው። ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናሽ» አላት ልብስ ሰፊዋን፤ ልጇ የሞተችባት ይመስል። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ጋሼ፣ መምህሩን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አገኟቸው?» አለች መርማሪዋ።

«አላገኘኋቸውም፤ ሰማኋቸው እንጂ። አሥር ሰዓት ላይ በር ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሳልፍ በራቸው ዝግ ነበር። ውስጥ ግን ሙዚቃ እየሰሙ ነው።»

«ራሳቸው መሆናቸውን በምን አወቁ?»

«ሌላ ማን ይሆናል? ያቺ የጫማ ካርቶን የምታክል ሚጢጢ ሳጥን እንደዚያ ስታጓራ!» ግንባሩ ተኮሳተረ። «ቤዙ ደረት ይመታል። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት በር ስገጥም ነበርኩ፤ ዘበኛውን ይጠይቁ።»

«ጠይቄዋለሁ። ልክ ነዎት» አለች መርማሪዋ፤ ጻፈችና ሸኘችው።

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ልጇ ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሩብ ጉዳይ ፖስታ ቤት ተሰልፋ ነበር፤ ደረሰኙም ይመሰክራል። ግን ሰውዬው አሥር ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበሩ ደረሰኙ ምን ይሠራል? አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሬሳ ታቅፋ የተገኘች እሷው ናት። ለልጅቷ የቀራት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ አንድ ሰው ለመግደል ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

መርማሪዋ ግድግዳውን አንኳኳች። «አብራው!»

ከማዶ፣ በፖሊስ ታጅቦ ወደ ታሸገው ክፍል የገባው የእህት ልጅ ቦርዷን አበራ። ከቦርዷ ጋር የተያያዘው አሮጌ ሬዲዮ መዝፈን ጀመረ። ድምፁ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀጭን ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሳታውቀው ግድግዳው ሥር መደርደሪያ ላይ ያለውን የእስፒል ቆርቆሮ አየች።

«ምን ያያሉ?»

«ምንም።»

«እትዬ፣ ሙዚቃው ሲጀምር ዓይንዎ ቀጥ ብሎ እዚያ ሄደ።»

«እስፒሎቹ... ትናንት ይዘሉ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ሲንጫጩ አላሠራኝ ብለው ነበር። አሁን ዝም አሉ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የዘለሉት?»

ልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮውን አንስታ ክዳኑን ገጠመች። መርማሪዋ ወንበሯን አስጠጋች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፇ ሻከረ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዤ ግድግዳ እገፋለሁ። ልጅዎን ያዳኑ መስሎዎት እያሳሰሩ ነው፤ ይግባዎት!»

የልብስ ሰፊዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ነኝ! መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትልቁን ካውያ አትሰኪ ተብዬ ነበር። አንድ የሙሽራ ልብስ ቸኮለብኝና ሰካሁት፤ ብሬከሩ ወረደ። ወጥቼ መለስኩት፤ ደቂቃም አልሞላ።»

«ይህን መናገር ምን ያስፈራል?»

«እንዴት አያስፈራ? መስኮቶቻቸውን ለድምፅ ብለው በስፖንጅ ደፍነዋል፤ መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እናት አጨለመች፣ ልጅ መታች ቢባልስ? ተመካክረው ነው ቢባልስ? መብራቱ ሲመለስ አንድ ነገር ነዝሯቸው፣ ወድቀው ተመትተው ቢሆንስ?»

«መብራት ሲያጠፉባቸው መምህሩ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ግድግዳውን በቡጢ እየደበደቡ ‹ደግሞ ያ ካውያ!› ይሉኛል። አንድ ቀን አልፎኝ አያውቅም። ትናንት ግን...» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ትናንት ዝም አሉ። ተቀይመውኝ ነው ብዬ ተሳቀቅኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሬዲዮው መዝፈኑን ቀጠለ። እስፒሎቹ ግን አልዘለሉም፤ እስከ ማታ።»

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመምህሩ ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቷን ሁለት ፖሊሶች አመጧት። ልብስ ሰፊዋ ልታቅፋት ስትነሳ አንደኛው በእጁ ከለከላት። ጠረጴዛው ላይ ትንሿ ሳጥን ከቦርዷ ጋር ተቀምጣለች፤ ወለሉ ላይ መምህሩ የተመቱበት ከባድ የስፒከር ማግኔት የነበረበት ቦታ በኖራ ተከቧል።

«ማግኔቱን ማንም ሊያነሳው ይችላል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ማን አነሳው ብዬ አልጠየቅኩም። መቼ ነው ብዬ ነው የጠየቅኩት። መምህሩ ስምንት ከሃያ አምስት ላይ አዲሱን ቅንብር ላኩ። ያን ጊዜ ቤዙ ግድግዳውን አልፎ እስፒል ያስዘልል ጀመር። ዘጠኝ ከአራት ላይ መብራት ጠፋ። ቦርዷ አዲሱን ቅንብር ረሳች። ሬዲዮው ማብሪያው እንደተጠመዘዘ ስለነበር መብራት ሲመለስ ቀጠለ፤ ግን በድሮው ቀጭን ድምፅ። መምህሩ በሕይወት ቢኖሩ ሁለት ነገር ያደርጉ ነበር። አንደኛ ግድግዳውን ይደበድባሉ። ሁለተኛ ኮምፒውተሩን አስነስተው ቅንብሩን መልሰው ይልካሉ፤ ሥራቸው እሱ ነውና። ሁለቱንም አላደረጉም። ዘጠኝ ከአራት ላይ መምህሩ ሞተዋል።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እኔ ያን ጊዜ ፖስታ ቤት...»

«ተሰልፈሽ ነበር። ደረሰኝሽ አለ።» መርማሪዋ ወደ ወጣቱ ዞረች። «አንተም ሰዓቱን የሚያስረዳልህ ሰው የለህም። ግን የዚህችን ቦርድ ጠባይ ታውቃለህ፤ ብትዋሽ እንኳ በዚህ አትሳሳትም። የተሳሳተው የማያውቃት ሰው ነው።» አናጺውን አየችው። «ጋሼ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደረት የሚመታ ቤዝ ሰማሁ ብለዋል።»

«ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል» አለ አናጺው። «ቀደም ብዬ አልፌ ይሆናል።»

«ይሁን። በሩ ዝግ ነበር፣ መስኮቱም ድፍን ነው። ይህ ክፍል ውስጥ ስንት ሳጥን አለ?»

«ዘጠኝ።»

«ከውጭ ሆነው ከዘጠኙ የትኛው እንደሚያጓራ በምን ለዩ? የጫማ ካርቶን የምታክለውን ነው ያሉት። እንዲህ ያለ ቤዝ ከትልቁ ይወጣል ብሎ መገመት ነበር የሚገባዎ፤ እርስዎ የሳጥን ባለሙያ አይደሉም እንዴ? ከትንሿ መውጣቱን የሚያውቀው ከፊቷ ቆሞ ያያት ሰው ብቻ ነው።»

አናጺው ዘጠኙን ሳጥኖች አንድ በአንድ አያቸው። ስምንቱ በእጁ የተሠሩ፣ ዘጠነኛዋ ከሱቅ የመጣች ርካሽ ነበረች።

«ስገባ እየሳቁ ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹ና ስማ፣ ና ስማ› አሉኝ። እኔ ለአንድ ሳጥን ጣውላ ስድስት ወር አደርቃለሁ። ውስጡን ስንቴ ነው የምለካው! ያቺ የጣውላ ፍርፋሪ የእኔን ሁሉ በለጠች። ‹ከእንግዲህ ካርቶንም ቢሆን ይበቃኛል› አሉኝ። ዞረው ድምፁን ጨመሩት። ዝም ይበሉ አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። አሥራ ሁለት ዓመት... ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ስለዚህ ‹አሥር ሰዓት ላይ ሰማሁ› የሚል ውሸት ጨመሩበት» አለች መርማሪዋ በድካም፣ «ሌላ ሰው እንዲታሰርበት።»

አናጺው ወደ ልጅቷ አላየም። ፖሊሶቹ ሲወስዱት በሩን ራሱ በቀስታ ዘጋው።

እናትና ልጅ ወደ መንገዱ ወጡ። ልብስ ሰፊዋ የልጇን እጅጌ ያዘች፤ ልጅቷ ሳትቆጣ አስለቀቀቻት።

«መርማሪዋ ትናንት ስለ መብራቱ ጠይቃሽ ነበር አይደል?»

«ጠይቃኛለች፣ ሆዴ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራኋ።»

«ለእኔ ነው የፈራሽው ወይስ እኔን?»

ልብስ ሰፊዋ ‹ላንቺ ነው እንጂ› ልትል አፏን ከፈተች። ጠዋት ደም የነካውን እጅጌ ስታስብ፣ ‹አያምኑኝም!› የሚለው ጩኸት በጆሮዋ ሲያቃጭል ምን እንዳሰበች ራሷ ታውቃለች።

«ሁለቱንም» አለች።

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «እሳቸውም አላመኑኝም፤ አንቺም» አለችና ተራመደች። እናቷ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ተከተለቻት፤ ልትደርስባት አልደፈረችም። መንገድ ማቋረጫው ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች። መኪኖቹ አልፈው አስፋልቱ ባዶ ሲሆንም አልተሻገረችም።

ልብስ ሰፊዋ እርምጃዋን አፈጠነች።