ጋሽ ይማም ከኮርኒሱ ላይ የጠሩኝ ቀን

የዚያን ቀን እቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ጽጌ፣ ጎረቤቴ ዘሐራ፣ የአሰሳው አለቃና ጠመንጃ የያዙ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ «ምናልባት አንድ ሰው ተደብቆ ይሆናል» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ የአልጋው ሥር ሳይቀር በሳንጃ ተወግቷል፣ ድመት እንኳ የምትደበቅበት ቦታ አልነበረም።

እኔ ደግሞ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እገሌ ቤት ድምፅ ተሰማ፣ እገሊት ጥላ አየች ሲባል «ሥራ ፈት» ብዬ የማልፍ ነበርኩ። የምፈራው ሌላ ነበር፣ ያልተቀረቀረ በር፣ ሳል የያዘው ልጅ፣ ሰዓት እላፊ ደርሶ ያልገባች ልጅ፣ እመኑኝ፣ በዚያ ዘመን ለአንድ እናት ይሄ ከበቂ በላይ ነው፣ ጋኔን የምፈራበት ጊዜ አልነበረኝም።

የምንኖረው ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ባሌ ቀደም ብሎ ስለሞተ እኔና ጽጌ ብቻችንን ነን፣ ቤታችን መስኮት የለውም፣ በቀትርም አምፖል ካልበራ መርፌ ቀርቶ ድስት አይታይም፣ ኮርኒሱ ደግሞ ኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነው፣ አይጥ ስትሮጥበት እግሯ ይቆጠራል። ዘሐራና ባሏ ጋሽ ይማም ግድግዳ ተጋሪዎቻችን ነበሩ፣ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ ልጅ አልነበራቸውም፣ ጽጌን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት።

ጋሽ ይማም ፈቃድ ያላቸው የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። በመርካቶ ሽቦ የሚቀጥል ሞልቷል፣ ጠዋት ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የዋለ ከሰዓት በኋላ መብራት ሠራተኛ ነኝ ይላል፣ እሳቸው ግን ፈቃዱን ሲቀበሉ ደንብ ተነብቦላቸው ነው፣ ያንን ደንብ እንደ ሶላታቸው ያዙት። ያላዩትን ሽቦ ደህና ነው ብለው አይፈርሙም፣ ሌላ ሰው የሠራውን የእኔ ነው አይሉም፣ ከአንዱ ቤት ጣሪያ ያዩትን ሌላው ቤት ወስደው አያወርዱም። አንድ ቀን ልቀልድ ብዬ፣

«ጋሽ ይማም፣ የእነ እትዬ ብርቄ ኮርኒስ ላይ ምን አለ? ቅቤ ደብቃለች ይባላል» አልኳቸው።

«አቧራ» አሉኝ።

«የእኛስ?»

«አቧራ።»

«የሀብታሞቹስ?»

«እሱማ ወፍራም አቧራ ነው፣ የጽጌ እናት» ብለው ሳቁ።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። ጣሪያ ከመውጣታቸው በፊት ከበሩ ውጭ ከቆጣሪው ሳጥን ቫልቮላውን ነቅለው፣ ያቺን ነጭ የሸክላ ቁራጭ ማለቴ ነው፣ እሷ ከተነቀለች መብራት አይመጣም፣ ወስደው በቤቱ ባለቤት እጅ ላይ ያስቀምጣሉ። ሌላው ሠራተኛ ኪሱ ይከታታል ወይ እዚያው ይተዋታል፣ አላፊ አግዳሚው መልሶ ይሰካትና ሰውየው ኮረንቲ ይዞት ይደርቃል። እሳቸው ግን «ነፍሴ እጅሽ ላይ ናት» ብለው ይወጣሉ፣ ወራጁ፣ የሚረገጠው እንጨት፣ የት እንደሆነ ለማወቅ በካቻቢቴው እጀታ ጣ ጣ ጣ ያደርጋሉ፣ አቧራው ሁለት ጊዜ በደረቁ ያስላቸዋል፣ ከዚያ ሽቦውን ከመንካታቸው በፊት ከላይ ሆነው ይጣራሉ፣ «ያዝሽ፣ የጽጌ እናት?»፣ እኔም ከታች «ይዣለሁ፣ ጋሽ ይማም!» እላለሁ። መልስ ካልሰሙ እጃቸውን አይሰዱም። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልሱ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣ ሆኗል።

ከአሰሳው በፊት ሽቦ ተቃጥሎብን መጥተው ሠሩልን። ሲወርዱ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለዱም፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ፊቴን ሳያዩ፣

«የጽጌ እናት፣ ሽቦውን ከአልጋው በላይ ካለው ጥግ አርቄዋለሁ» አሉኝ።

«ለምን? ያኛው ያጥር አልነበር?»

«ያጥራል። ግን ከእኔ በኋላ ማንም ሠራተኛ ለመብራት ብሎ እዚያ ጥግ መድረስ አይኖርበትም። አልኩሽ።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ ግን እናት ነኝ፣ እሳቸው እንደወጡ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርድሬ ወጣሁ። ጥጉ ላይ በትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌ የተጠቀለለ ሽጉጥ ነበር። እጅጌው የጽጌ ነው፣ «ሹራቤ ጠፋ» ያለችኝ ጊዜ ሌላ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ስትመጣ በሩን ቀርቅሬ ፊቷን ያዝኩ።

«የማነው?»

«የሰው ነው እማዬ፣ አደራ ነው፣ ይወስዱታል።»

«ማን ነው የሚወስደው?»

አለቀሰች። ሊወስድ ይመጣል የተባለው ሰው እንደሞተ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንዳንጥለው በየመንገዱ ፍተሻ ነው፣ እንዳናስረክብ «ከየት አመጣችሁ» ይላሉ፣ ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በዚያ ዘመን አሥራ ሰባት ዓመት ለመገደል ትንሽ አልነበረም። እናም እዚያው ተቀመጠ፣ እኔም ከሥሩ እተኛ ነበር፣ መተኛት ከተባለ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይማም ቀበሌ ተጠሩ። ዘሐራ ተከትላቸው ሄዳ ስትመለስ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው።

«የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ ታውቃለህ፣ ምን አየህ አሉት። አቧራ አለ፣ ያ ደረቅ ሰውዬ! ለአብዮቱ ስትል ተናገር አሉት። ፈቃድ የሰጣችሁኝ መብራት እንድሠራ ነው፣ ሰው ቤቱን ከፍቶ የሚያስገባኝም ለዚያ ነው፣ አየሁ ካልኩ ነገ ማን ያስገባኛል አላቸው። ‹እንግዲያው አንተም አቧራ ነህ› ብለው አስቀሩት።»

ጋሽ ይማም የእኔን ጥግ እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የሌላ ሰው ጥግም ይኖራል፣ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ዘሐራ በየቀኑ ስንቅ ታመላልሳለች፣ ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ «በልቷል» ትለኛለች፣ ባዶ ሰሃን እንደዚያ የሚያስደስት አይቼ አላውቅም።

የአሰሳው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤት መውጣት ተከልክሏል፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ያ ሲቀጠቀጥ የሚውል ምን አለሽ ተራ ጭጭ ብሏል፣ ብታዩት፣ ዝምታው ራሱ ጆሮ ያማል። የዘሐራ ቤት ቀድሞ ስለተፈተሸ እኛ ጋ መጥታ ተቀመጠች፣ ማድረስ ያልቻለችውን ስንቅ በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋለች። ገቡ። አለቅየው በግድግዳው ሥር አስቀመጠን፣ ሣጥኑን ገለበጡ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየ።

«ይሄ ኮርኒስ መውጫው በየት ነው?»

በጣቴ አሳየሁት።

«ጠረጴዛውን አምጣ» አለው አንዱን ጥበቃ፣ ይህን ሲል አምፖሉ ጠፋ።

«ማነው ያጠፋው?»

«ማንም ጓድ፣ መብራት ሄዶ ነው» አለች ጽጌ።

አልሄደም። የጎረቤት የኮረንቲ ሬዲዮ በቀስታ እየዘፈነ ነበር።

ከዚያ ከላይ ጣ ጣ ጣ አለ። በመጀመሪያ ልቤ መሰለኝ። በሩ ክፍት ስለሆነ ትንሽ ብርሃን ይገባል፣ በዚያ ብርሃን ከአቡጀዲው ስፌት አቧራ ሲንጠባጠብ አየሁ፣ ከመውጫው ጀምሮ ወደ አልጋው ጥግ፣ ቀስ እያለ፣ ወራጅ ለወራጅ እንደሚሄድ ሰው። አንድ ቦታ ላይ አቡጀዲው ወደ ታች ተገፋ፣ የክርን ቅርጽ ነበር፣ የአይጥ አይደለም፣ አይጥ ክርን የላትም። ሁለተኛው ጥበቃ፣ ፊቱ ገና የልጅ የሆነው፣ ጠመንጃውን አቀባበለ። ከዚያ ሳል። አጭር፣ ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ። ዘሐራ ሰሃኑን ጭምቅ አደረገችው።

ከዚያ ጠሩኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ከእናንተ ጋር እንደማወራው፣ ከአልጋው በላይ፣ «ያዝሽ፣ የጽጌ እናት?»

እኔም ልማድ ክፉ ነው፣ «ይዣለሁ፣ ጋሽ ይማም!» ብዬ ጮህኩ።

አለቅየው ዞረብኝ። «ምንድን ነው የያዝሽው? ማንን ነው የምታናግሪው?»

እጄን ከፈትኩ። ቫልቮላው መዳፌ ላይ ነበር። ስሙኝ፣ ሳጥኑ ከበሩ ውጭ ነው፣ ቁመቴ አይደርስበትም፣ ወንበር ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ አልወጣሁም። ሸክላው ሰው ሲይዘው እንደቆየ ነገር ይሞቃል።

«ይማም ማነው?»

«መብራት ሠራተኛው ነው ጓድ» አለ ያ ልጅ ጥበቃ፣ ድምፁ ወርዶ፣ «እኛ ጋ ያለው።»

አለቅየው ሳቀ። «አማኑኤል የእብዶች ሆስፒታል ቅርብ ነው እማማ፣ በእግርሽ ትደርሻለሽ። ውጣ አንተ!»

አንደኛው ጥበቃ ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ላይ ወጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የጽጌን እጅ ያዝኩ፣ ሲያገኙት «የእኔ ነው» ልል ወስኜ ነበር፣ ቃሉን በአፌ ውስጥ አዘጋጅቼዋለሁ።

«ምንም የለም ጓድ!»

«ጥጉንስ አየኸው?»

«አየሁት። አቧራው ተጠርጓል እንጂ ባዶ ነው።»

ወጡ። ያ ልጅ ጥበቃ ኋላ ቀረና በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አለቃው እንዳይሰማው፣ «እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያስለው?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላለኝም። ልጄ ተርፋ ደስታው አልመጣም። ዘሐራ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ምን ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«መለስሽለት እኮ።»

«ደንግጬ ነው ዘሐራ። ልማድ ነው።»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። ሰምቻለሁ ብላት ባልሽ በሕይወት የለም ማለቴ ነው፣ በሕይወት ያለ፣ የታሰረ ሰው እንዴት ብሎ የእኔ ኮርኒስ ላይ ይወጣል? አልሰማሁም ብላት ደግሞ እሷ ራሷ ሰምታለች። ለረጅም ጊዜ ፎጣውን ስታጣጥፍ ቆየችና፣ «ግድግዳው እኮ አንድ ነው። እኔን ለምን አልጠራኝም?» አለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በመካከላችን አንስተነው አናውቅም።

በማግስቱ ስንቁን ይዛ ሄደች፣ ሰሃኑ እንደሞላ ተመለሰ። «እዚህ የለም፣ ተዛውሯል» አሏት። ወዴት ብትል «ጠይቂ» አሏት። ከአንዱ ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው፣ ከእስር ቤት እስር ቤት ጠየቀች፣ «ስንቅ ማምጣት አቁሚ» ያላት ግን የለም፣ ያ በዚያ ዘመን መርዶ ነበር፣ ያንን ቢሏት እንኳ ለቅሶ ትቀመጥ ነበር።

ሽጉጡን እስከ ዛሬ ያየው የለም። ጽጌ አሁን የልጆች እናት ናት፣ «አንቺ ነሽ ያነሣሽው፣ እንዳልፈራ ብለሽ ነው የደበቅሽኝ» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ አንዳንዴ እሷን ጠርጥሬ ፊቷን አያለሁ። አንዳችን ለአንዳችን ምለናል፣ አንዳችንም አላመንንም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የአሰሳው አለቃ ሱቅ ነበረው፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ታስሮ ሲፈታ ወደዚያው ተመለሰ። አንድ ቀን ገብቼ ጋሽ ይማምን የት እንዳደረሷቸው ጠየቅሁት።

«የትኛው ይማም?» አለኝ።

«መብራት ሠራተኛው።»

«እማማ፣ ያ ሁሉ እኮ አለፈ። አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለና ወደ ደንበኛው ዞረ።

እንግዲህ እናንተን ልጠይቅ። ጋሽ ይማም ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሰው ናቸው፣ ሲታሰሩ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያልፍ ነበር፣ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፣ የወሎ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ይታወቃል። በአሰሳው ጊዜ አዲስ ከተማ ውስጥ አብሯቸው የታሰረ፣ ሲወስዷቸው ያየ፣ ወይም ሌላ ቦታ ያገኛቸው ካለ፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ የጽጌ እናት ብሎ ጠይቆ ይንገረኝ። ዘሐራ ደሴ ዘመዶቿ ጋ ናት፣ እኔ አደርስላታለሁ። ሞተውም ከሆነ ቀኑን ንገሩን።