የልምምዱ አምስተኛ ሙት

ሰው ብቻውን የሚሞተው የሚያየው ሲያጣ ነው ብሎ መርማሪው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያምን ነበር። እምነቱ ከንቱ እንደ ነበረ ለራሱ የተናዘዘው፣ አንድ ሰው በአሥራ አንድ አዳኞች ዐይን ፊት ብቻውን የሞተበትን የኮሌጅ ኮሪደር ከመረመረ በኋላ ነው።

በዚያ ጠዋት ኮሌጁ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ያደርግ ነበር። በኬሚስትሪ ሕንፃ ጋዝ እንደ ፈሰሰ ተቆጥሮ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሠላሳ ያህል ሰዎች በየክፍሉ ተጋድመው ቁስለኛ ሆነዋል። በየአንገታቸው ካርድ ተንጠልጥሏል፤ አረንጓዴ በእግሩ ለሚሄድ፣ ቢጫ ጥቂት ለሚታገሥ፣ ቀይ ለሚያጣጥር፣ ጥቁር ለሞተ። ሕጉ አጭርና ጨካኝ ነው፤ ጊዜ የሕያዋን ነውና ጥቁር ካርድ ያጠለቀን ማንም አይነካም። ጥቁር የተሰጣቸው አራት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን አስተባባሪው መምህር በድምፅ ማጉያ «ሙታን ተነሡ! ሻይ ቀርቧል!» ሲል ግቢው በሳቅ ተናጋ። አራቱ ሙታን አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ። በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ጫፍ፣ በድንገተኛ መውጫው በር ሥር የተጋደመው አምስተኛው ግን አልተነሣም።

ሟቹ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ነበር። መርማሪው ሲደርስ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ባዶውን የአስም ፓፍ በመዳፉ ጨብጦ አገኘው። አንገቱ ላይ አንድ ጥቁር ካርድ አለ፤ ጠርዙ ተቧጭሯል። ከሟቹ ጥፍሮች ሥር ደግሞ ጥቁር የወረቀት ስባሪ ገብቷል። በሩ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ታስሯል። መርማሪው ተንበርክኮ በበሩ ሥር ካለው ክፍተት አንድ ነገር በብዕሩ ጫፍ ሳበ። አራት ላይ የታጠፈ ቢጫ ካርድ ነበር።

«ገዳዩ አስም ነው» አለ የፖሊሱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ። «ሰዓቱን በግምት ካልሆነ አልነግርህም። ግን በጊዜ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር።»

ከደረጃው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ተቀምጣ ነበር። የኮሌጁ ክሊኒክ ነርስ ስትሆን የሟቹም ታላቅ እህት ናት።

«ሲስተር፣ ያጽናሽ።»

«አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በዚህ አልፌያለሁ» አለች ሳይጠይቃት። «የልምምዱ ጭስ ዐይን አያስገልጥም ነበር። ጀርባውንና ጥቁሩን ካርድ ብቻ ነው ያየሁት። የወንድሜ ምድብ ታች በቢጫ ስለ ነበር ከተማሪዎቹ አንዱ መሰለኝ። ጋውኔን አንድ ነገር ያዘው። ‹አንተ ሞተሃል እኮ፣ አርፈህ ተኛ› ብዬ ቀለድኩና ሳብ አድርጌ አለፍኩ። ጣቱ ነክቶት ይሁን፣ ይዞኝ ይሁን አላውቅም።» አንገቷን ቀና አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ያጣሩልኝ። ሳልፈው ነፍሱ ወጥታ ነበር? ለእናታችን ምን ልበላት?»

«አጣራለሁ» አላት። ብዙ ጊዜ የሚለው ቃል ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶት አያውቅም።

መልሱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች አዳኝ ተማሪ እያለቀሰች፣ «እኔና ጓደኛዬ አራት ተኩል ላይ አለፍነው፤ ተረከዙን ከወለሉ ጋር ያማታ ነበር» አለችው። «ጓደኛዬ ‹ይኼስ ሙት ጉልበተኛ ነው› አለ። ሳቅን። የሳቅነውን ይጽፉታል?»

ጻፈው።

ወደ ሕንፃው ብቻቸውን እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የአደጋ ኮሚቴው አራት አባላት ብቻ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የገባው። መርማሪው ታች ካለ ባዶ ክፍል ተቀምጦ፣ ከነርሷ በቀር ያሉትን ሦስቱን በየተራ አስጠራ።

አስተባባሪው መምህር ድምፅ ማጉያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ።

«ጭሱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። የቲያትር ጭስ ነው፤ ለምድር ቤቱ ብቻ ነበር የታሰበው። ወደ ላይ ወጣና መውጫ አጣ።»

«በሩ ስለ ተቆለፈ?»

«ሁለት ዓመቱ ነው። ተማሪዎች በዚያ ይሾልካሉ ተብሎ ነው የታሰረው። በየሦስት ወሩ ‹ተፈትሿል፣ ይከፈታል› የሚል ቅጽ ይመጣል፤ እንፈርማለን።» ፈገግ ለማለት ሞክሮ አቃተው። «አልፈርምም ያለ ሟቹ ብቻ ነበር። ‹አንተ ሰውዬ፣ ከኛ በላይ ጻድቅ ነህ?› እንለው ነበር።»

«ልምምዱ ሲካሄድ ከውጭ ነበሩ?»

«ማጉያውን ለተማሪ እየሰጠሁ ሁለቴ ገብቼ ወጥቻለሁ። መቼም ነገ እኔን ነው የምትሰቅሉት።»

መርማሪው አንድ ቢጫ ካርድ ከወንበር መደገፊያ ላይ አንጠለጠለና ጥቁር ካርድ ከብዕር ጋር ሰጠው። «ይህ ወንበር ቁስለኛ ነው እንበል። አሁን ሞተ። ያስተካክሉልኝ።»

መምህሩ ጥቁሩን በቢጫው ላይ ደርቦ ሰቀለ፤ ሰዓቱን አየና ካርዱ ላይ ጻፈ። ይህን ሲያደርግ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር።

ቀጥሎ የጥበቃ ሹሙ ገባ፤ ከወታደርነቱ ዘመን ጀምሮ «አምሳ አለቃ» የሚባል፣ ጺሙ የሸበተ ሰው።

«መዝገብዎ ላይ የኮሚቴው አባላት መግባትና መውጣት የለም» አለው መርማሪው።

«አለቃን ማን ይመዘግባል ጌታዬ? ይመዝገብ ቢባልስ በየትኛው እጄ ልጻፍ? እንጀራዬን በምቆርስበት?»

«ቴክኒሺያኑን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ልምምዱ ሊጀመር ሲል። ‹አምሳ አለቃ፣ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመጡት ሁለት ታዛቢዎች ሕንፃውን ሳያዩ አይሄዱም፤ በሩ ሥር ቆሜ ሰንሰለቱን አሳያቸዋለሁ› አለኝ። ተው፣ ከበላይ ጋር አትጋጭ አልኩት። አንገተ ደንዳና ነበር።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለዲኑ ነዋ! የሰማሁትን ካላቀበልኩ ምኑን ጥበቃ ሆንኩት?» ይህን ብሎ ግንባሩን በመዳፉ መታ። መርማሪው ካርዱን ሲያቀብለው የገዛ እጁን በጥርጣሬ እያየ ጥቁሩን በቢጫው ላይ ደረበ፤ ሰዓቱንም በትልልቅ ፊደል ጻፈ።

ዲኑ የመጨረሻው ነበር። ከረባቱ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው።

«ትልቅ ሐዘን ነው ኢንስፔክተር። ሆኖም የአንድ ሰው ሕመም የተቋምን ስም ሊያጎድፍ አይገባም። ታዛቢዎቹ ግቢው ላይ ከተተከለው ድንኳን ሆነው ያዩት ሥርዓት አስደስቷቸው ነው የሄዱት፤ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ።»

«ሁለተኛው ፎቅ ወጥተው ነበር?»

«ምን ልሠራ?»

«ለልምምዱ የተሰጠውን የካርድ ሥልጠናስ ወስደዋል?»

«አሥሩንም ቀን። ፊርማዬ አለ። መሪ ካልቀደመ ማን ይከተላል?»

መርማሪው ወንበሩን አመለከተው። ዲኑ ቢጫውን ካርድ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ጥቁሩን ሰቅሎ እንዳይዘም በጣቱ አቃና። «እንዲህ ነው?»

«በቂ ነው ዶክተር። አመሰግናለሁ።»

እኩለ ቀን ላይ አራቱም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ነርሷ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ማንም በአጠገቧ ሊቀመጥ አልደፈረም።

«ከአስሙ እጀምራለሁ» አለ መርማሪው። «ጭሱ ታች ቢቀር ኖሮ፣ በሩ ቢከፈት ኖሮ፣ ሰውየው ባልታመመ። እዚህ ላይ ሁላችሁም ፊርማችሁ አለበት፤ ሕግ ግን ለዚህ ዓይነቱ ስንፍና ብዙ አይቸኩልም። ዛሬ የምፈልገው ካርዱን የሰቀለውን ነው። ሰውየው ቢጫ ካርድ ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ በበሩ ሥር ታፍኖ ወደቀ። ቢጫ ያጠለቀን አዳኞች ተሸክመው ወደ ድንኳኑ፣ ታዛቢዎቹ ወደ ተቀመጡበት ያወጡታል። አንድ ሰው ግን ቢጫውን አውልቆ በበሩ ሥር ሸጎጠና ጥቁር አጠለቀለት። ያን ጊዜ ሰውየው ሕያው ነበር፤ ሊቀደው ሞክሯል፤ ጥፍሩ ይመሰክራል።»

ነርሷ ዐይኗን ጨፈነች።

«ሲስተር፣ ቁስለኛ ሲሞት አሮጌው ካርድ ምን ይሆናል?»

«አይነሣም» አለች ዐይኗን ሳትገልጥ። «አዲሱ ይደረብበታል፤ ሰዓት ይጻፍበታል። ወንድሜ ነው ያስተማረን። ያወለቀን ሰው ከመጀመሪያው ያስጀምረው ነበር፤ በመጨረሻ እጃችን ብቻውን ለመደው።»

«ሟቹ ራሱ እንዳላወለቀው ከዚህ ይታወቃል» ሲል መርማሪው ቀጠለ። «ጥንድ ሆነው የገቡት አዳኞችም ሁሉም ሠልጥነዋል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያያል። ብቻቸውን የገቡት እናንተ ናችሁ። መምህሩ ደረበ፤ ሰዓት ጻፈ። አምሳ አለቃም እንዲሁ። እርስዎ ግን ዶክተር፣ ቢጫውን አወለቁ፤ ሰዓትም አልጻፉም። በሟቹ አንገት ላይ ያገኘሁት ካርድም ሰዓት የለውም።»

«ይህ... ይህ መርሳት ነው። አንድ ትምህርት መርሳት ወንጀል ነው?»

መርማሪው የሥልጠናውን የመገኘት ቅጽ ዘረጋ። «አልረሱም፤ አልተማሩም። የሌሎቹ ፊርማ በየቀኑ ቀለሙ ይለያያል፤ የእርስዎ አሥር ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጣለ ነው። ሟቹ በሩ ሥር እንደሚቆም ከታዛቢዎቹ በፊት ያወቁትም እርስዎ ነዎት፤ አምሳ አለቃ ነግረውዎታል።»

«ምላሴ ይቆረጥ» አለ አምሳ አለቃ ለራሱ።

ዲኑ ከረባቱን አላላ። «እኔ አልገደልኩትም።»

«ትክክል ነው። እርስዎ ሊያድኑት የሚችሉትን ብቻ ነው ያራቁበት።»

«ያን ያህል የጠናበት አልመሰለኝም! ታዛቢዎቹ እስኪሄዱ ዝም እንዲል ነበር። ፈቃዳችን ቢነጠቅ ሁለት ሺህ ልጅ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው፤ ይህን ማን ያስባል? ለግማሽ ሰዓት ዝም ቢል ምን ነበረበት?»

«ዝም አለልዎ» አለ መርማሪው።

ከበሩ አጠገብ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ዲኑን ይዘውት ወጡ። መምህሩና አምሳ አለቃ ተያይተው ተከተሏቸው። ነርሷ ቀረች።

«ኢንስፔክተር፣ የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ካርዱ ሲሰቀልበት ሕያው እንደ ነበር ሰማሁ። እኔ ሳልፈውስ?»

መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐኪሙ የሞቱን ሰዓት በግምት ነበር የጻፈው፤ በዚያ ግምት ውስጥ አንድ ውሸት ያለ ችግር ይቀመጥ ነበር። ውሸቱን አዘጋጅቶ፣ አጣጥሞ፣ እስከ ከንፈሩም አድርሶት ነበር። ግን ይህች ሴት ሙያዋ የሰውን ትንፋሽ መቁጠር ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ እያነሣች ስትመረምረው ትኖራለች።

«ካንቺ አሥር ደቂቃ በኋላ ያለፉት ተማሪዎች ሲንቀሳቀስ አይተውታል» አላት። «ይዞሽ ነበር።»

አላለቀሰችም። «እሺ» አለች፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እንደ ተቀበለ ሰው።

በሳምንቱ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ታዛቢዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የፈረሙት ውጤት ጸንቶ፣ የኮሌጁ የአደጋ ዝግጁነት «እጅግ በጣም ጥሩ» ተባለ። የሁለተኛው ፎቅ መውጫ ደግሞ ማስረጃ ነውና ፍርዱ እስኪያልቅ እንዳይከፈት ታሸገ።

ልምምዱ በተካሄደበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ነርሷ በአውቶቡስ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ወንድሟ እንደ ሞተ፣ ካርዱን ማን እንደ ሰቀለበት፣ ጋውኗን እንደ ያዛትና እሷም ቀልዳ፣ ጨርቋን ነጥቃ እንዳለፈች፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻት።