የእማ ሀዲያ አሥር መርፌዎች

ረዳት ሳጅን አራጋውን የሰደበው ኢንስፔክተር ሙሉአለም ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል፣ ቦታው ውጫሌ፣ የግምገማ ስብሰባ ላይ። ሙሉአለም ከአራጋው የጠረጴዛ መሳቢያ ያገኛትን፣ እንቁላል የምታህል የመርፌ ትራስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ማዕረግ ዘገየብኝ ይላል። ማዕረግ ካማረው ጠልፎ ትከሻው ላይ ይስፋው!» አለ። አሥራ አንድ ሰው ሳቀ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሞተዋል፤ አራጋው ቀብራቸው ላይ ተገኝቷል፣ ይቅር ግን አላላቸውም።

ትራሷን የሰፋት ራሱ ነበር። እግሩ ተሰብሮ አራት ወር በተኛበት ጊዜ እህቱ ጊዜ ማሳለፊያ ይሁነው ብላ መርፌና ክር ሰጠችው፤ ድኖ ከተነሣ በኋላም መርፌው አልለቀቀውም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰበስባል፣ የበግ ጠጉር ይጠቀጥቅበታል፣ ፊቱ ላይ ጽጌረዳ ወይም ዓሣ ይጠልፍበታል። ለማንም አይሸጥም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላማ በር ቆልፎ ነው የሚሰፋው።

ስድስት ዓመት አለፈ። አራጋው ያው ረዳት ሳጅን፣ ሙሉአለም ያው አለቃ፤ ጣቢያው ብቻ ተቀይሮ ሐይቅ ከተማ ሆኗል። ረመዳንና ሁዳዴ በገጠሙበት በ2017 መጋቢት፣ አንድ ማለዳ ሙሉአለም ጠረጴዛው ላይ ፋይል ወረወረለት።

«ሴትዮዋ ትናንት ተቀብረዋል፤ ገዳይዋ በእጃችን ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ደሴ ይወስዳታል። አንተ ወረቀቱን አስተካክል። ጥልፍ አለበት፣ ያንተው ሙያ ነው።»

አራጋው የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ሁለት ከሩብ። ይህንንም ስድብ ከቀኑ ጋር በልቡ መዘገበው።

«ማስረጃው ምንድን ነው፣ ኢንስፔክተር?»

«ጥልፉ ነዋ! እማ ሀዲያ የሚባሉ ባልቴት ሐይቁ ዳር ካለው ቤታቸው ታፍነው ሞተው ተገኙ። ጤና ባለሙያው ያያቸው በማግስቱ ስለሆነ ሰዓቱን አልቆረጠልንም። ጨርቁ ግን ቆረጠልን። የጠረጴዛ ልብስ እየጠለፉ ነበር። ልጃቸው ሳጂዳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለለቅሶ ወደ ውጫሌ ስትሄድ ጨርቁ ላይ ሁለት ቅጠል ነበር። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ስትመለስ እናቷ ሞተዋል፣ ቅጠሉ ስድስት ሆኗል። አንዱ ቅጠል ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። አራቱ ስምንት ሰዓት። ስለዚህ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበሩ።»

«ቤት የነበረው ማነው?»

«አማቻቸው ሙስዓብ፣ የሳጂዳ ባል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ እስኪመሽ መስጊድና ሱቅ ነበር፤ ያላየው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ቤት የነበረችው ያሳደጓት፣ በሕይወት የሌለ ወንድማቸው ልጅ ናት፣ ፈዲላ። በቃ።»

«ለምን ትገድላቸዋለች?»

«እሱን ደሴ ትናገር።»

ፈዲላ የታሰረችበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሽንቁር አንዲት የብርሃን ነጥብ ወርዳ ወለሉ ላይ ቆማለች። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነጥቧ ወደ ግድግዳው በተጠጋች ቁጥር ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበ መሆኑን አውቃ፣ ዓይኗን ከእርሷ አልነቀለችም።

«ሳጅን፣ ወላሂ አልገደልኳትም። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እናቴ ናት።»

«መሐላውን ለዳኛ አቆይው። የዚያን ቀን ከንጋት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

«ሱሁር በላን። ከዚያ መርፌዎቿን ሞላሁላት።»

አራጋው ቀና አለ። «ሞላሁ ስትይ?»

«ክር አስገባሁባቸው። ቅጠሉን በጣቷ እየዳበሰች ትሰፋለች፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን አይታያትም። ሌላ ጊዜ ክሩን በምራቋ አርጥባ፣ አሹላ ትታገላለች። በረመዳን ግን ክር አፏ አይደርስም፤ ‹ፆሜን ያበላሽብኛል› ትላለች። ስለዚህ ከንጋቱ የፈጅር አዛን በፊት አሥሩንም መርፌ በአረንጓዴ ክር ሞልቼ ትራሷ ላይ እሰካለሁ፣ በነጩ ፊት። ክሩ ሲያልቅ ባዶውን መርፌ በቀዩ ፊት ትሰካዋለች።»

«ለአንድ ቅጠል ስንት መርፌ ትጨርሳለች?»

«ሁለት።»

«ሌላ መርፌ ቤት ውስጥ የለም?»

«አሥር ብቻ። አንዱ ከጠፋ ቤቱን ሙሉ ታስፈትሸናለች።» ልጅቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፤ ወዲያው የት እንዳለች ትዝ አላት። «ሦስት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረዝሞ ስድስት ሰዓት ስመለስ ሙስዓብ ከበር ሲወጣ ተገናኘን። ‹ተኝታለች፣ እንዳትቀሰቅሻት› አለኝ። በፆም ቀን ትተኛለች፤ በሯን አልከፈትኩም። ብከፍት ኖሮ ትተርፍ ነበር፣ ሳጅን?»

«አትተርፍም ነበር» አላት፤ እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ መናገሩ ለራሱም ገረመው።

የእማ ሀዲያ ቤት ከፊቱ ረጅም የቆርቆሮ አጥር፣ ከኋላው የሐይቁ ውሃ ነው፤ አንዴ ከገቡ በር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሳያልፉ መውጫ የለውም። በር ላይ የተቀመጠው ሙስዓብ ነበር። ሳጂዳ ጨርቁን አምጥታ ስትሰጥ የግራ እጇን ከሻሿ ስር አላወጣችም፤ ለተጠየቀችው ሁሉ መጀመሪያ ባሏን አይታ ነው የምትመልሰው።

«እናትሽ ጎበዝ ጠላፊ ነበሩ?»

ባሏን አየች። «ነበረች።»

«አንቺንስ አስተምረውሻል?»

አሁንም አየችው። «በልጅነቴ።»

አራጋው ጨርቁን ዘረጋ። ስድስቱ ቅጠሎች ከፊት ሲታዩ እህትማማች ናቸው። ገለበጠው። የሦስቱ ጀርባ የአሮጊት እጅ ነው፦ ክሩ በተጀመረበትና ባለቀበት ሁሉ ሽንብራ የሚያህል ቋጠሮ። የሌሎቹ ሦስት ጀርባ ግን እንደ ፊታቸው ንጹሕ ነው፤ አንድ ቋጠሮ የለም፣ የክሩ ጫፍ ስፌቱ ስር ገብቶ ተቀብሯል።

«ምን ያገላብጡታል፣ ሳጅን?» አለ ሙስዓብ ከበሩ። «ለወንድ ልጅ ጥልፍ ምኑ ነው? እኔ እንደሆን መርፌ በየት በኩል እንደሚያዝም አላውቅ።»

አራጋው ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህችንም በቀን ይመዘግባት ነበር። አሁን ግን ጨርቁን አጥፎ ያዘና ወጣ።

ከአጥሩ ውጭ፣ በለቅሶው ድንኳን ጥላ፣ የእማ ሀዲያ ታላቅ ወንድም አያ ሐሰን ከዘራቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«እኔንም ጠርጥር እንጂ! ከሀዲያ ጋር በድንበር ተጣልተናል። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ፣ መስኮቷ ስር ቆሜ የአፌን ተናግሬ ሄጃለሁ። እንደ ወትሮዋ የምላሽ ስድብ አልወረወረችልኝም፤ የናቀችኝ መስሎኝ ነበር።»

«ተኮራርፋችሁ ምን አመጣዎት?»

«ለሐሙስ ሽማግሌ ሁን ብላ ልካብኛለች። ልጇን ልታስፈታት ነበር። ያ ሰውዬ እጁን ያነሳባታል።»

«ሙስዓብ ያውቃል?»

«ፊት ለፊት ነግራዋለች። ሀዲያ ማንን ትፈራለች?» ከዘራቸውን መሬት ላይ ወጉት። «ያመጣሁባት እኔው ነኝ፣ አሏህ ይቅር ይበለኝ። አምባሰል የመስጊድ ተማሪ፣ ደረሳ ሆኖ ቁርአን ሲቀራ፣ ኮፍያ እየሰፋ ነበር የሚተዳደር። እጁ ሲፈጥን ብታየው! ሠራተኛ መስሎኝ።»

አራጋው «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» ብሎ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ሬሳውን ያጠቡት እማ ሰሚሃ ነበሩ።

«ሲያጥቧቸው ምን አገኙ፣ እማ?»

ሴትዮዋ ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። በአንድ ወገን ነጭ፣ በሌላው ቀይ የሆነች፣ ዙሪያዋ በደቃቅ ስፌት የተከፈፈች የመርፌ ትራስ ወጣች።

«ከሆዷ ስር ታጥፎ ከቀረው ከቀኝ መዳፏ። ጣቷን አንድ ባንድ ነው ያላቀቅኩት። ይጠይቁኛል ብዬ ከትናንት ጀምሬ ጠበቅኩ። እኛን ሴቶቹን ማን ይጠይቃል?»

አራጋው ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እንዲህ ያለ ክፈፍ እርሱ በስድስት ዓመት አልተሳካለትም። ከዚያ ቆጠረ። ነጩ ፊት ላይ ክር የያዙ ስምንት መርፌዎች፤ ቀዩ ላይ ሁለት ባዶ። ደግሞ ቆጠረ። ስልኩን አወጣ።

«ኢንስፔክተር፣ ልጅቷን ይዘው ወደ ሟች ቤት ይምጡ። መኪናው ሳይደርስ።»

«ምን ልታሳየን ነው? ኤግዚቢሽን?»

መጣ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሳሎን ገቡ፤ ሁለት ፖሊሶች በሩን ዘጉ። ፈዲላ እጇ በካቴና፣ ሳጂዳ ግድግዳውን ተጠግታ፣ አያ ሐሰንና እማ ሰሚሃ መደቡ ላይ፣ ሙስዓብ ወንበር ላይ፣ ሙሉአለም ሰዓቱን እያየ። አራጋው ትራሷን ጠረጴዛው መካከል አስቀመጠ።

«እማ ሀዲያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም» ብሎ ጀመረ። «ፈዲላ ከመንጋቱ በፊት አሥር መርፌ ሞልታላቸዋለች። በሞቱበት ሰዓት ስምንቱ እንደተሞሉ ናቸው፤ ያለቁት ሁለት ብቻ። ሁለት መርፌ አንድ ቅጠል ነው። ሳጂዳ ሁለት ቅጠል አይታ ሄደች፤ እሳቸው ሦስተኛውን ጨረሱ፣ አራተኛውን አልጀመሩትም። አንድ ቅጠል ሁለት ሰዓት ከፈጀ፣ የሞቱት ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ነው። ከሰዓት በኋላ አይደለም።»

ሙሉአለም ወደ ጨርቁ ጠቆመ። «እዚህ ላይ ያለው ስድስት ነው።»

«ሦስቱን የሰፋው ሌላ እጅ ነዋ። ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላም በሕይወት የነበሩ እንዲመስል።»

«ታዲያ ልጅቷ ራሷ ሰፍታው ቢሆንስ?»

«ለምን ብላ? ሰዓቱ ወደ ማታ በተገፋ ቁጥር ገመዱ የሚጠብቀው በእሷ አንገት ነው። አያ ሐሰንም የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እሳቸውንም ይጎዳቸዋል። ሳጂዳ ውጫሌ ለቅሶ ላይ ነበረች። ሰዓቱ በመገፋቱ የሚድነው ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ብቻውን እዚህ የነበረው ሰው ብቻ ነው። ሐሙስ በሽማግሌ ፊት ሚስቱን ፍታ ሊባል የነበረው ሰው።»

ሙስዓብ ሳቀ። «አቦ፣ ሳጅን! እኔ ከሬሳ ጋር ቁጭ ብዬ አበባ ስጠልፍ?»

«ቅጠል» አለ አራጋው። «ትራሷ ሬሳው ስር ነበረች፤ አላገኘሃትም። በራስህ መርፌ ነው የሰፋኸው። ‹መርፌ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም› አልከኝ፤ አያ ሐሰን ግን ኮፍያ እየሰፋህ እንደተማርክ ነገሩኝ። ኮፍያ ራስ ላይ ይደፋል፤ ቋጠሮ ካለው ይቆረቁራል። ስለዚህ ኮፍያ ሰፊ አይቋጥርም፣ ጫፉን ስፌቱ ስር ይቀብረዋል። ሳጂዳ፣ ከግድግዳው ላይ ያን ባልሽ የሰፋውን ኮፍያ አምጪልኝ።»

ሳጂዳ በዚህ ጊዜ ባሏን አላየችም። ኮፍያውን ከሚስማሩ አወረደች፣ ወደ ጠረጴዛው መጣች፣ ማንም ሳይነግራት ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ ከጨርቁ ጀርባ ጎን አኖረችው። አረንጓዴው ስፌት ከአረንጓዴው ስፌት ጎን ተኛ። ቋጠሮ የለም። ጫፎቹ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ እጅ ተቀብረዋል።

ሙስዓብ ኮፍያውን አላየም። ሚስቱን ነበር የሚያየው።

«ገለበጥሽው?» አላት በለሆሳስ።

እማ ሰሚሃ «ያ ረቢ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሙስዓብ ብድግ ሲል ሁለቱ ፖሊሶች ከግራ ከቀኝ ያዙት፤ ካቴናው ከፈዲላ እጅ ወልቆ ወደ እርሱ ተሻገረ። አያ ሐሰን ልጅቷን ወደ ደረታቸው ሳቧት። እርሷ ግን በትከሻቸው ላይ አሻግራ ሳጂዳን ታይ ነበር።

ሙሉአለም ኮፍያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሽ አራጋው» አለ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ኮፍያውን ብቻ ነው የጠየቅካት። ገልብጣ ያመጣችው እሷ ናት። የእናቷን ቋጠሮ የምታውቅ፣ የባሏን ስፌት የምታውቅ ሴት፣ ያን ማታ ጨርቁን ስታይ ገብቷታል ማለት ነው። አውቃ፣ ስድስት ቅጠል ብላ ቃሏን ሰጥታ ይህችን ልጅ ሁለት ቀን አሳስራለች። ያ ከሆነ እሷንም እይዛለሁ።» እስክሪብቶውን ከፈተ። «ነገሩን ከጫፉ የያዝከው አንተ ነህ፤ እንዳልክ እጽፋለሁ። ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ሳጂዳ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሻሿ ተንሸራቶ የግራ እጇ አንጓ ታየ፤ አራት ጣቶች የተጫኑበት ጥቁር ምልክት፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ አሮጌው ሳይድን አዲሱ። ልትሸፍነው አልሞከረችም። ፈዲላ ትጠብቃለች፤ ሙሉአለም እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

አራጋው የሳጂዳን አንጓ አየ፣ ፈዲላን አየ፤ በሁለቱ መካከል መፍረድ የእርሱ አልመሰለውም። ባርኔጣውን ከጠረጴዛው ጫፍ አነሣ። ሙስዓብን ይዘው በሩ ላይ የቆሙትን ፖሊሶች በትከሻው ገፋ አድርጎ አለፈ፣ የቆርቆሮውን በር ከፍቶ፣ በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ወደ ከተማው ሄደ።